በጥቁር ጠጠር ቼስ እንዴት እንጫወት? ከሐዋሳ ሻይ ቤት የተለቀመ መመሪያ

እዚህ ሐዋሳ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ ሻይ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ የቼስ ሰሌዳ ይዘረጋል። ቀለም የሚመረጠው በጡጫ ነው። አንዱ ነጭና ጥቁር ወታደር በሁለት እጁ ጨብጦ ከጀርባው ያገላብጥና ይዘረጋል፤ ሌላው አንዱን እጅ ነካ ያደርጋል። ጥቁር የደረሰው ሰው ፊቱ ጭፍግግ ይላል። «አይ ዕድሌ!» እያለ ወንበሩን ይስባል። ጨዋታው ሳይጀመር ግማሹን ተሸንፏል።

እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። በነጭ አሸንፋለሁ፣ በጥቁር እሸነፋለሁ፣ ጥፋቱን በቀለሙ አሳብባለሁ። ችግሩ ግን ቀለሙ አልነበረም። በጥቁር ስጫወት ወይ እንደ ነጭ ለማጥቃት እጣደፋለሁ፣ ወይ ደግሞ ጥግ ይዤ እስክመታ እጠብቃለሁ። ሁለቱም አያዋጡም። ጥቁር መልስ ሰጪ ነው። ደህና መልስ የሚሰጥ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ጥያቄውን ይሰማል።

ልብ በሉ፣ አያቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ የሚባለው የአገራችን ቼስ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። በዛሬው ቼስ ግን ነጭ ይቀድማል፤ አለቀ።

መቅደሙ ምን ያህል ይጠቅመዋል? በትልልቅ የጨዋታ መዝገቦች ላይ ነጭ ከጠቅላላው ነጥብ ከ52 እስከ 56 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። አለ የሚባል ብልጫ ነው፣ ግን ተራራ አይደለም። ያውም ይህ በአብዛኛው ጎበዝ ተጫዋቾች ያደረጓቸው ጨዋታዎች ውጤት ነው። እኛ ሻይ ቤት የምንጫወተውን ጨዋታ የሚወስነው አንዱ ሳያይ የጣላት ንግሥት ናት።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፌ። ቤቶቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው እጽፋለሁ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ በነጭ በኩል ሲታይ፣ መስመሮቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ናቸው፤ ቁጥሩ ደግሞ ከነጭ በኩል ተነስቶ ከ1 እስከ 8 የሚቆጠረው ረድፍ ነው። ኢ4 ስል የንጉሡ ወታደር ሁለት ቤት ሲራመድ የሚያርፍበት ቤት ነው። ሰሌዳ ካላችሁ ዘርግታችሁ ብታነቡ ይሻላል፤ በሐሳብ ብቻ መከተል ያደክማል።

አንደኛ፦ እጃችሁን ከጠጠሩ ላይ አንሱ

ነጭ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁለት ነገር ጠይቁ። አሁን ምን ሊበላ ወይም ሊያደርግ አስቦ ነው? ይህን ሲያደርግስ ምን ለቀቀ? ሁለተኛዋን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳታል። እያንዳንዱ ጠጠር ሲንቀሳቀስ ይጠብቀው የነበረ ቤት ያለ ጠባቂ ይቀራል።

በቼስ ውስጥ ከሁሉ ያጠረውን ቼክሜት ተመልከቱ። የሚያደርገው ጥቁር ነው። ነጭ ወታደሩን ወደ ኤፍ3 ይገፋል፣ ጥቁር ኢ5 ይላል። ነጭ ጂ4 ሲል ጥቁር ንግሥቱን ኤች4 ላይ ያሳርፋል። ቼክሜት። ነጭ በሁለት እርምጃ ንጉሡን የሚጋርዱለትን ወታደሮች ራሱ አነሳቸው፣ ጥቁር ደግሞ የተለቀቀውን ሰያፍ መስመር አየ። እንዲህ ያለ ነጭ በየቀኑ አታገኙም። ግን ትንንሽ ዘመዶቹን በየጨዋታው ታገኛላችሁ።

አንድ ልማድ ግን ከአሁኑ ይቅር፦ መኮረጅ። «እሱ ያደረገውን ካደረግኩ እኩል ነን» የሚል ጀማሪ ሞልቷል። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ፈረሱን ኤፍ3፣ ጥቁር ፈረሱን ኤፍ6። ነጭ በፈረሱ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ይበላል፣ ጥቁርም በፈረሱ ኢ4 ላይ ያለውን ይበላል። እስካሁን መንታ ይመስላሉ። አሁን ነጭ ንግሥቱን ኢ2 ላይ ያደርጋል። ፈረሱ ስለተነካ ጥቁር ደንግጦ ወደ ኤፍ6 ይመልሰዋል። ነጭ ፈረሱን ከኢ5 ወደ ሲ6 ያዘልላል። መስመሩ ሲከፈት ንጉሡ ከንግሥቲቱ ቼክ ሆነ፣ ፈረሱ ደግሞ የጥቁርን ንግሥት ነክቷል። ከቼኩ ሲወጣ ንግሥቱ ትበላለች። ኩረጃ ያዋጣ የነበረው ተራው እኩል ቢሆን ነው። ነጭ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

ሁለተኛ፦ ኤፍ7ን አትርሱ

በጥቁር በኩል መጀመሪያ ላይ ከሁሉ የላላው ቤት ኤፍ7 ነው። የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ «የአራት እርምጃ ሜት» የሚሏት ወጥመድ እዚያው ላይ ነው የምታርፈው። ቢሾፑ ከሲ4፣ ንግሥቲቱ ከኤች5 ሆነው ኤፍ7 ላይ ያነጣጥራሉ።

ኢ5 ብላችሁ ከጀመራችሁና ነጭ ወዲያው ንግሥቱን ኤች5 ላይ ካመጣ፣ አትደንግጡ፤ ጂ6 ብላችሁም አታባርሯት። ንግሥቲቱ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ትበላና ንጉሡን ቼክ ትላለች፤ ጥጉ ላይ ያለውን ሩክም አብራ ትነካለች። ሩካችሁ ሄደ። መጀመሪያ ፈረሱን ሲ6 አውጡና ወታደሩን ጠብቁ። ቢሾፑ ሲ4 ሲመጣ ያኔ ጂ6። ንግሥቲቱ ወደ ኤፍ3 ተመልሳ እንደገና ኤፍ7 ላይ ስታነጣጥር ሌላውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ አድርጉ። አሁን ሰሌዳውን እዩት። እናንተ ሁለት ፈረስ አውጥታችኋል፣ ቢሾፓችሁ ጂ7 ላይ ሊቀመጥ ተዘጋጅቷል። የእሱ ንግሥት ሁለት ጊዜ ተንከራታ የገዛ ፈረሷ መውጫ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ መቅደሙን በልቶ ጨርሷል።

ሦስተኛ፦ አንድ አጀማመር ያዙ፣ እሱኑ ደጋግሙ

እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

ለነጭ ኢ4 የሚሰጥ መልስ ብዙ ነው። ኢ5 አለ፣ ሲ5 አለ፣ ኢ6 አለ። ሲ5፣ ማለትም ሲሲሊያን፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት የፊሸርና የካስፓሮቭ መሣሪያ ነበር። ጎበዝ ነው፣ ግን ለማጥናት ጊዜ ይፈልጋል። ከሥራ ወጥቶ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚጫወት ሰው እኔ የምመክረው ሲ6ን ነው። ካሮ ካን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 ካጠኑት ከሆራሺዮ ካሮና ከማርከስ ካን ነው። «የሽማግሌ አጀማመር» እያሉ የሚያሾፉበት ጎረምሶች አሉ። ያሹፉ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሲ6 ብላችሁ በሚቀጥለው ዲ5 ትላላችሁ። ነጭ ዲ5ን ሲበላው በሲ6 ወታደር መልሳችሁ ትበሉታላችሁ፤ ያኔ ማዕከሉ ላይ አንድ ወታደር ይኖራችኋል። ደግሞ ያ የአራት እርምጃ ሜት ጣጣ ከሥሩ ይከስማል። ነጭ ቢሾፑን ሲ4 ላይ ሲያወጣ ዲ5 ብላችሁ በወታደር ትነኩታላችሁ። ሜት ሊያደርግ የመጣው ቢሾፕ መሸሸጊያ መፈለግ ይጀምራል።

ነጭ በደንብ ከተጫወተ ዲ4 ይላል፤ እናንተ ዲ5። ከዚህ በኋላ ሦስት መንገድ ይገጥማችኋል።

አንዱ ወታደሩን ወደ ኢ5 ሲገፋ ነው። ያኔ የመጀመሪያ ሥራችሁ ቢሾፑን ከሲ8 ወደ ኤፍ5 ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኢ6 የሚባለው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ኢ6ን አስቀድማችሁ ካደረጋችሁ ቢሾፑ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል። ሰውዬውን አስወጥታችሁ በሩን ዝጉ።

ግን ደግሞ የወጣው ቢሾፕ እንዳይያዝ። ነጭ ኤች4 ካለ ተጠንቀቁ። ሳታስቡ ኢ6 ብትሉ ጂ4 ይላችኋል። ቢሾፑ ወደ ኢ4 ይሸሻል፣ ኤፍ3 ይለዋል። ወደ ጂ6 ይመለሳል፣ ኤች5 ይለዋል። መውጫ የለም፤ በሦስት ወታደር ቢሾፕ ተበላ። መልሱ ቀላል ነው፤ ነጭ ኤች4 ሲል እናንተም ኤች5 በሉ። መኮረጅ ክፉ ነው ብዬ ነበር፤ እዚህ ግን ይሁን።

ሁለተኛው ነጭ ዲ5 ላይ ሲበላ ነው። በሲ ወታደር መልሳችሁ ብሉ፤ ፈረሶቹን ሲ6 እና ኤፍ6፣ ቢሾፑን ከተቻለ ጂ4። ይህ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ስለሆነ ብዙ አልልም። ነጭ ሲ4 ብሎ ማዕከሉን ካጦዘው ብቻ ኢ6 ብላችሁ ዲ5ን አጠናክሩ።

ሦስተኛው ነጭ ፈረሱን ሲ3 ላይ አውጥቶ ኢ4ን ሲጠብቅ ነው። ዲ ወታደራችሁ ኢ4ን ይበላል፣ ፈረሱ መልሶ ይበላል። አሁን ቢሾፑን ኤፍ5 ላይ አውጡና ፈረሱን ንኩት። ፈረሱ ወደ ጂ3 ሄዶ ቢሾፑን ሲነካ ወደ ጂ6 ሽሹ። ነጭ ኤች4 ካለ፣ ቢሾፑን በኤች5 ሊያንቀው ነውና፣ ኤች6 ብላችሁ ኤች7ን መሸሸጊያ አድርጉለት።

እዚህ ቦታ ላይ አንድ ታሪክ አለኝ። ከላይ በጠቀስኩት ሻይ ቤት አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ካሮ ካንን ገና የጀመርኩ ሰሞን ከሳቸው ጋር ተቀመጥኩ። ቢሾፑን ማውጣት ትቼ፣ የሆነ ቦታ ያየሁትን ትዝ አለኝና ፈረሴን ዲ7 ላይ አወጣሁ። እሱም ጥሩ እርምጃ ነው፤ ችግር የለበትም። ጋሼ ንግሥታቸውን ኢ2 ላይ አስቀመጡ። ንግሥት ኢ2 ላይ? የገዛ ቢሾፓቸውን ደጅ ዘጉ። በሆዴ ሳቅሁ። ሌላውን ፈረሴን ኤፍ6 ላይ ወርወር አደረግሁና ሻዬን አነሳሁ።

ጋሼ ፈረሱን ከኢ4 ወደ ዲ6 አነሱት። «ሻይህን ጠጣ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሰሌዳውን አየሁት። ፈረሱ ንጉሤን ቼክ ብሏል። ኢ7 ላይ ያለው ወታደሬ ሊበላው ይችል ነበር፤ ግን ኢ2 ካለችው ንግሥት ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው። ከተነሳ ንጉሡ ይጋለጣል፤ ታስሯል። ንጉሤ ደግሞ በገዛ ሰዎቹ ተከቧል፤ ንግሥቱ በጎኑ፣ ቢሾፑ በጎኑ፣ ፈረሱ ዲ7 ላይ። አንድ ባዶ ቤት የለም። በስድስት እርምጃ ቼክሜት። ሻዩ ገና ትኩስ ነበር።

ንግሥቲቱ ኢ2 ስትመጣ ማድረግ የነበረብኝ ዲ7 ላይ ያለውን ያንኑ ፈረስ ወደ ኤፍ6 ማለፍ ነበር። ያኔ የዲ መስመር ለንግሥቴ ይከፈታል፤ ፈረሱ ዲ6 ከመጣ ትበላዋለች። ከሁሉ በላይ ግን አንደኛውን ደረጃ ዘልዬ ነበር። ንግሥቲቱ ለምን ኢ2 መጣች ብዬ አልጠየቅሁም። እርምጃው አስቀያሚ ስለሆነ ብቻ ሞኝነት መሰለኝ። አስቀያሚ እርምጃ ስታዩ ሁለት ጊዜ አስቡ፤ የሚያደርገው ሰው ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ያ ወጥመድ አልሠራ ሲላቸው ጋሼ በዲ4 መጀመር ጀመሩ። እኔም ለዲ4 መልስ መፈለግ ነበረብኝ።

አራተኛ፦ ለዲ4ም ያንኑ ቤት ሥሩ

ደስ የሚለው ነገር አዲስ ትምህርት ብዙ አያስፈልግም። ነጭ ዲ4፣ እናንተ ዲ5። ነጭ ሲ4፣ እናንተ ሲ6። ስላቭ ይባላል። ሲ6 እና ዲ5፤ ያው የካሮ ካን አጥር ነው። ሐሳቡም ያው ነው፤ ቢሾፑን ከአጥሩ ውጭ አውጥቶ ነው ኢ6 ማለት።

መንገዱ እንዲህ ነው። ሁለታችሁም ፈረስ ታወጣላችሁ፤ እሱ ኤፍ3፣ እናንተ ኤፍ6። እሱ ሌላውን ፈረስ ሲ3 ሲያደርግ ዲ ወታደራችሁ ሲ4ን ይበላል። ነጭ ወዲያው መልሶ መብላት አይችልም። ቢ5 ብላችሁ ወታደሩን እንዳታስቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ኤ4 ይላል። ያኔ ቢሾፑን ኤፍ5። እሱ ኢ3፣ እናንተ ኢ6። እሱ በቢሾፑ ሲ4ን መልሶ ይበላል፣ እናንተ ሌላውን ቢሾፕ ቢ4 አድርጋችሁ ካስል፣ ማለትም ንጉሡን ከሩኩ ጋር አዛውሮ ወደ ጥግ ማስገባት። ስምንት እርምጃ ነው፤ ጠጠሮቻችሁ ወጥተዋል፣ ንጉሡም ገብቷል። ወታደሩን በልታችሁ ለመያዝ አትሟገቱ። የበላችሁት ለማትረፍ ሳይሆን ቢሾፓችሁ እስኪወጣ ጊዜ ለመግዛት ነው።

በስልክ የምትጫወቱ ከሆነ ሌላ ዓይነት ነጭ ይበዛባችኋል። ዲ4 ይልና እናንተ ዲ5 ስትሉ ቢሾፑን ኤፍ4 ላይ ያወጣል፣ ከዚያ እናንተ ምንም ብታደርጉ ያንኑ አሥር እርምጃ ይደረድራል። ለንደን ሲስተም ይሉታል። እውነቱን ለመናገር እኔ ይሰለቸኛል። የማያይ ሰው ግን በቀላሉ ይያዛል። ፈረሱን ኤፍ6 አውጡ፤ ኢ3 ሲል ሲ5፤ ሲ3 ሲል ሌላውን ፈረስ ሲ6፤ ፈረሱን ኤፍ3 ሲያወጣ ንግሥታችሁን ቢ6 ላይ አድርጋችሁ ቢ2ን ንኩ። ቢሾፑ ስለወጣ ቢ2 ጠባቂ የለውም። ነጭ ንግሥቱን ቢ3 ካመጣ ሲ4 ብላችሁ አባርሯት። ወደ ሲ2 ከተመለሰች ቢሾፑን ኤፍ5 ላይ አስቀምጡላት። ነጻ ቢሾፕ ይመስላል። ሆዳም ነጭ ይበላዋል። ያኔ ንግሥታችሁ ቢ2ን ትበላለች፤ ጥጉ ላይ ያለው ሩክ መውጫ የለውም፣ ፈረሱ ቢ1 ላይ ተገትሮ ዘግቶበታል። ይህ የሚሠራው ያ ፈረስ ገና ከቢ1 ካልተነሳ ብቻ ነው። ዲ2 ላይ ወጥቶ ከሆነ ሩኩ ወደ ዲ1 ያመልጣል፤ እናንተም ቢሾፑን በከንቱ ሰጣችሁ ማለት ነው።

አምስተኛ፦ መቼ ነው የሚመለሰው?

አጥሩ ከተሠራ በኋላ ምን? ብዙ ጥቁር ተጫዋች የሚጠፋው እዚህ ነው። ጠጠሮቹን በሥርዓት ያወጣል፣ ካስል ያደርጋል፣ ከዚያ ሩኩን ወዲያ ወዲህ እያለ ነጭ መጥቶ እስኪያንቀው ይጠብቃል።

በካሮ ካንም ሆነ በስላቭ ቁልፏ እርምጃ አንድ ናት፦ ሲ5። ነጭ ማዕከሉን የያዘው በዲ4 ወታደሩ ነው፤ ሲ5 እሱን ትመታለች። «ሲ6 ብለህ እንደገና ሲ5 ማለት አንድ እርምጃ ማባከን አይደለም?» ብሎ አንድ ጎረምሳ ጠይቆኝ ነበር። ነው። ግን ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ5 ሲገፋ ማዕከሉ ተቆልፏል። በተቆለፈ ሰሌዳ ላይ አንድ እርምጃ መዘግየት ብዙ አይጎዳም። ማዕከሉ ክፍት ከሆነ ግን፣ ንጉሣችሁ ካስል ሳያደርግ ሲ5 ማለት የራስን በር መክፈት ነው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ ማዕከሉ ከተቆለፈ ሲ5 ቶሎ፣ ከተከፈተ ካስል ካደረጋችሁ በኋላ። በስላቭ አንዳንዴ ሲ5 ሳይሆን ኢ5 የሚሻልበት ጊዜ አለ። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ጠጠሮቻችሁ የትኛው ቤት ላይ እንደተሰበሰቡ ቁጠሩ።

ሌላው መሣሪያ መለዋወጥ ነው። ጥቁር መጀመሪያ ላይ ቦታ ይጠበዋል። ጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ሲበዛ መተንፈሻ ያጣል፤ ሁለት ፈረስና አንድ ቢሾፕ በእኩል ከተለዋወጣችሁ የቀሩት ይላወሳሉ። በካሮ ካን ነጭ ቢሾፑን ዲ3 ላይ አምጥቶ ከቢሾፓችሁ ጋር ሲያፋጥጠው በደስታ ተቀያየሩ።

ስለ መጠበቅ ካነሳን፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ትልቁን ወፍ አባ ኮዳን እዩት። ዓሣ አስጋሪው ዓሣውን ሲያጸዳ ከኋላው እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የተኛ ይመስላል። የዓሣው አንጀት ሲወረወር ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነው። ቆሞ ቢጠብቅም ዓይኑ ከሰውየው እጅ አይነቀልም።

ስድስተኛ፦ አቻ ማለት ሽንፈት አይደለም፣ ግን ለማሸነፍም አትፍሩ

እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ክራምኒክ ካስፓሮቭን ለዓለም ሻምፒዮንነት ገጠመው። ካስፓሮቭ ያኔ በነጭ ሲጫወት የሚያስፈራ ሰው ነበር። ክራምኒክ በጥቁር በርሊን የሚባለውን መከላከያ ይዞ ቀረበ። ንግሥቶቹ ገና በጊዜ ከሰሌዳው ይወጣሉ፤ የጥቁር ንጉሥ ካስል ማድረግ ባይችልም የሚያጠቃው ንግሥት የለም። ካስፓሮቭ ገፋ፣ ገፋ፣ አልተሰበረለትም። ከ15 ጨዋታ አንድም ሳያሸንፍ 8.5 ለ 6.5 ተሸንፎ ዘውዱን አስረከበ። ክራምኒክ በጥቁር ያደረገው የነጭን ጥቅም ማምከን ብቻ ነበር፤ ያሸነፋቸውን ሁለት ጨዋታዎች ያሸነፈው በራሱ የነጭ ተራ ነው።

ሌላኛው ፊት ደግሞ ይኸውና። እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይክያቪክ ላይ ፊሸር ከዓለም ሻምፒዮኑ ከስፓስኪ ጋር የመጀመሪያውን ጨዋታ በጥቁር ተጫወተ። አቻ በሚመስል ቦታ ላይ ቢሾፑን ልኮ ኤች2 ላይ ወታደር በላ፤ ቢሾፑ ተይዞበት ተሸነፈ። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ሳይቀርብ ቀረ፤ 2 ለ 0 ተመራ። ሦስተኛውን እንደገና በጥቁር ይዞ ተቀመጠ። 11ኛው እርምጃ ላይ ፈረሱን ኤች5 ላይ አስቀመጠ። ነጭ በቢሾፑ ሊበላው ይችላል፤ ሲበላው የፊሸር ወታደሮች ከንጉሡ ፊት ይበታተናሉ። በመጽሐፍ ሕግ አስቀያሚ እርምጃ ነበር። ፊሸር ግን በለውጡ የነጭን አንድ ቢሾፕ አስወገደ፣ ለራሱም የማጥቂያ መስመር አገኘ። አሸነፈ። ስፓስኪን ሲያሸንፍ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ፊሸር ሳያሰላ የገባ ሰው ይመስላል፤ ሦስተኛው ላይ ግን አደጋውን ቆጥሮ የገባበት ነው። በጥቁር አደጋ መቀበል ይቻላል። ብቻ ሒሳቡ ይሠራ።

እየተሸነፋችሁ ከሆነስ? ቶሎ እጅ አትስጡ። ጠጠር የጎደለው ሰው ወታደሮችን ይለዋወጥ፣ ትልልቆቹን ግን ያቆይ። ወታደር ባነሰ ቁጥር ነጭ ንግሥት የሚያደርገው ያጣል። አንዳንዴ ሰውዬው በድል ስሜት ተጣድፎ ንጉሣችሁን መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል፤ ቼክ ካልተባለ አቻ ነው። ለዚህች ግማሽ ነጥብ ስል ስንት ጊዜ ከወንበሬ ሳልነሳ እንደቀረሁ!

ሰባተኛ፦ ልምምዱ

ሊቼስ የሚባለው የቼስ ድረ ገጽ ነጻ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ወይም ከጓደኛ ጋር ስትጫወቱ ቀለም መምረጥ ትችላላችሁ። ጥቁርን ምረጡ። 20 ጨዋታ በጥቁር ብቻ ተጫወቱ፤ ከዚያ በፊት ስለ አጀማመሩ አትፍረዱ። ባለ 3 ደቂቃ ጨዋታ አይደለም፤ ባለ 15 ደቂቃ ይሁን። በብሊትዝ፣ በዚያ በፈጣኑ ጨዋታ፣ ልምድ እንጂ አጀማመር አትማሩም።

ጨዋታው ሲያልቅ ወዲያው ኮምፒውተሩን አትጠይቁት። ደብተር ያዙና አንዲት መስመር ጻፉ፤ ነጭ ያልጠበቅሁትን እርምጃ ያደረገው የቱ ጋ ነው? ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ክፈቱ። የእኔ ደብተር ላይ የመጀመሪያው ገጽ «ንግሥት ኢ2» ይላል፣ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ሻማ አብርቶ በእንጨት ሰሌዳ የራስን ጨዋታ መድገም የስልክ ስክሪን የማያሳየውን ያሳያል።

ውድድር ላይ ከሄዳችሁ አንድ ነገር አስታውሱ። የነካችሁትን ጠጠር የማንቀሳቀስ ግዴታ አለባችሁ። ስለዚህ ከላይ አንደኛ ያልኩትን ነገር፣ እጅን ማንሳቱን፣ ቃል በቃል ውሰዱት። እኔ እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ። ይስቁብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ጡጫቸውን ዘረጉልኝ፣ ግራውን ነካሁ፣ ጥቁር ደረሰኝ። ኢ4 ወይም ዲ4 ስጠብቅ ሲ4 አሉኝ። እንግሊሽ የሚባለው ነው፤ በዚህ በኩል ደብተሬ ባዶ ነው። ትንሽ አሰብኩና ሲ6 አልኩ። ፈረሳቸውን ኤፍ3 ሲያወጡ ዲ5። ያው አጥር። ቢሾፔን ኤፍ5 ላይ አደረግሁና ሻዬን ሳልነካ ንግሥታቸው የት እንደምትሄድ ማየት ጀመርኩ።